የባሕር ቅሪተ አካላትን መፈለግና መለየት፦ ለጀማሪዎች ዝርዝር መመሪያ

ብዙ ጀማሪዎች ሙሉ ቀን ሲፈልጉ ውለው ባዶ እጃቸውን የሚመለሱት፣ ወይም ቦርሳ ሙሉ ድንጋይ ተሸክመው መጥተው የአንዱንም ምንነት መናገር የሚያቅታቸው ዕድል ስለጎደላቸው አይደለም። የሥራውን ቅደም ተከተል ስላዛቡ ነው፤ አለቱን ሳያውቁ ቅሪተ አካሉን ይፈልጋሉ፣ ዙሪያውን ሳያዩ መዶሻ ያነሣሉ፣ የተገኘበትን ቦታ ሳይመዘግቡ ወደ ቤት ይወስዳሉ። ይህ መመሪያ እንደ አሞናይት (ጥምዝ ዛጎል የነበረው)፣ ትሪሎባይት (ቅርፊቱ በቁመት ሦስት ክፍል የነበረው)፣ ኮራልና የሻርክ ጥርስ ያሉ የጥንት ባሕር እንስሳትን ቅሪት ለመፈለግና ለመለየት የሚያስፈልገውን ሥራ በተራ በተራው ያስቀምጣል። የትኛውንም ደረጃ አይዝለሉ፤ በተለይ የመጀመሪያውንና ስድስተኛውን።

1ኛ ደረጃ፦ ፈቃዱን ያረጋግጡ

ወደ ቦታው ከመሄድዎ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን ይመልሱ፦ መሬቱ የማን ነው? ሕጉስ ምን ይላል? የሁለቱ መልስ የተለያየ ሊሆን ይችላል። ባለመሬቱ ቢፈቅድልዎ እንኳ፣ በበርካታ አገሮች ቅሪተ አካል በሕግ የሚጠበቅ ቅርስ በመሆኑ ማንሣትም ሆነ ከአገር ማውጣት ሊያስከስስ ይችላል።

ሕጉ የቅሪቱንም ዓይነት ሊለይ ይችላል። ለምሳሌ በአሜሪካ፣ የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ በሚያስተዳድራቸው የሕዝብ መሬቶች ላይ፣ የተለመዱ አከርካሪ የለሽ እንስሳትን ቅሪት ለግል ስብስብ በቀን እስከ 25 ፓውንድ (11 ኪሎ ግራም ገደማ) ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ይቻላል፤ የአከርካሪ እንስሳትን ቅሪት ለማንሣት ግን ፈቃድ የግድ ነው። ሻርክ ከአከርካሪ እንስሳት ስለሚቆጠር፣ አንዲት ትንሽ የሻርክ ጥርስ እንኳ በዚህ ክልከላ ውስጥ ትገባለች።

ፈቃድ ካላገኙ፦ ፎቶ አንሥተውና ቦታውን መዝግበው ይመለሱ። ምንም ሳያነሡም ሊሠሩት የሚችሉት ብዙ አለ፤ ጥሩ ፎቶ ከመጠን መለኪያ ጋር ካለ፣ የመለየቱን ሥራ አብዛኛውን ክፍል በፎቶ መሥራት ይቻላል።

2ኛ ደረጃ፦ አለቱን ይምረጡ

ቅሪተ አካል የሚገኘው በዝቃጭ አለት፣ ማለትም ጭቃ፣ አሸዋ ወይም የዛጎል ስብርባሪ በውኃ ሥር ተከማችቶ በጠነከረ አለት ውስጥ ነው። ባዛልትና ግራናይት ከቀለጠ አለት የተፈጠሩ ስለሆኑ በእነርሱ ላይ ጊዜ አያባክኑ። እምነ በረድም ቢሆን በሙቀትና በግፊት የተለወጠ የኖራ ድንጋይ በመሆኑ በውስጡ የነበረው ቅርጽ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቷል።

1. የአካባቢውን የጂኦሎጂ ካርታ ያግኙ። የአብዛኞቹ አገሮች የጂኦሎጂ ተቋማት ካርታዎቻቸውን በኢንተርኔት ያቀርባሉ።
2. በካርታው መግለጫ ላይ የኖራ ድንጋይ፣ ሼል (በስስ ንብብር የሚሰነጠቅ የጭቃ አለት)፣ የጭቃ ድንጋይ ወይም የባሕር አሸዋ ድንጋይ የሚል ይፈልጉ።
3. የአለቱን ዕድሜ ማስታወሻዎ ላይ ይጻፉ። ይህ ቁጥር ኋላ ቅሪቱን ሲለዩ ግማሹን ሥራ ይሠራልዎታል።

ዕድሜ የሚያስፈልገው እያንዳንዱ የእንስሳት ቡድን የራሱ ዘመን ስላለው ነው። ትሪሎባይቶች ከ252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈጽመው ጠፍተዋል፤ አሞናይቶች የጠፉት ደግሞ ከ66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ዳይኖሰሮች በጠፉበት ወቅት ነው። ስለዚህ ከ201 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው የጁራሲክ ዘመን በተከማቸ አለት ውስጥ ትሪሎባይት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ አሞናይት መፈለግ ግን ትክክለኛ ተስፋ ነው።

በቦታው ላይ አለቱ የኖራ ድንጋይ መሆኑን ከተጠራጠሩ፣ አዲስ በተሰበረ ገጹ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ኮምጣጤ ያንጠባጥቡና በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። ጥቃቅን አረፋ ከወጣ ካልሳይት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን፣ አለበት ማለት ነው። አረፋ ካልታየ በቢላ ጫፍ ጥቂት ዱቄት ፍቀው በዱቄቱ ላይ ይሞክሩት፤ ኮምጣጤ ደካማ አሲድ ስለሆነ በጠጣሩ አለት ላይ ምልክቱ ሊያመልጥ ይችላል። ቅሪተ አካሉ ላይ ግን ይህን ሙከራ አያድርጉ።

3ኛ ደረጃ፦ መሣሪያ ያሰናዱ

የግድ የሚያስፈልጉት የሚከተሉት ናቸው፦

- ለአለት የተሠራ መዶሻ። የአናጺ መዶሻ ጠንካራ ድንጋይ ሲመታ ብረቱ ተሸራርፎ ሊፈናጠር ይችላል።
- ለድንጋይ የተሠሩ አንድ ሰፊና አንድ ቀጭን መሮ።
- ጎኑ ጭምር የተሸፈነ የዐይን መከላከያ መነጽር፣ ጓንት እና የራስ ቁር።
- 10 እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር።
- ማስታወሻ ደብተር፣ እርሳስ፣ የማይለቅ ቀለም ያለው ብዕር እና አጭር ማስመሪያ።
- የጋዜጣ ወረቀት፣ ለስላሳ ወረቀት፣ የተለያየ መጠን ያላቸው የላስቲክ ከረጢቶች እና ለጥቃቅኖቹ ክዳን ያላቸው ትናንሽ ዕቃዎች።

መዶሻን በሌላ መዶሻ ፈጽሞ አይምቱ፤ ሁለቱም ጠንካራ ብረት በመሆናቸው የሚፈናጠረው ስባሪ ዐይን ያጠፋል። መነጽሩን የሚያደርጉት እርስዎ ሲመቱ ብቻ ሳይሆን አጠገብዎ ያለ ሰው ሲመታም ጭምር ነው።

4ኛ ደረጃ፦ ቦታው ላይ ከአደጋ ይጠበቁ

የባሕር ዳርቻ ገደል ለፈላጊ እጅግ የሚስብ፣ ለሕይወትም እጅግ የሚያሰጋ ቦታ ነው። የገደሉን ግድግዳ አይቆፍሩ፣ ከሥሩም አይቀመጡ፤ ከዝናብና ከማዕበል በኋላ አለቱ ያለ ማስጠንቀቂያ ይናዳል። የሚፈልጉት ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከገደሉ ራቅ ብሎ፣ ባሕሩ ባጠበው ጠጠር ውስጥ ይገኛል።

የባሕሩ ውኃ የሚሞላበትንና የሚሸሽበትን ሰዓት የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ከመነሣትዎ በፊት ይመልከቱ። በአብዛኞቹ ዳርቻዎች በሁለት ሙላቶች መካከል 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስላለ፣ የትናንቱ ሰዓት ለዛሬ አይሠራም። ውኃው መሸሽ ሲጀምር ይግቡ፤ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስም ፊትዎን ወደ መውጫው አዙረው እየፈለጉ ይመለሱ። በሁለት የገደል ጫፎች መካከል ባለ ጠባብ ዳርቻ ላይ ከሆኑ፣ ውኃው መጀመሪያ የሚዘጋው መውጫውን እንጂ እርስዎ የቆሙበትን ቦታ ላይሆን እንደሚችል አይዘንጉ።

ለሰው የሚሄዱበትን ቦታና የሚመለሱበትን ሰዓት ይንገሩ። ብቻዎን ባይሄዱ ይመረጣል።

5ኛ ደረጃ፦ በዐይን ይፈልጉ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መዶሻው ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። በቦታው የመጀመሪያውን ሰዓት በዐይን ብቻ ይፈልጉ፤ ዝናብ፣ ውርጭና ሞገድ ለብዙ ዘመን ሲሠሩት የኖሩትን የመሰንጠቅ ሥራ በክንድዎ ልድገመው ማለት አያስፈልግም።

1. ብርሃኑን ይምረጡ። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ አዘንብላ ስታበራ፣ ከአለቱ ገጽ ትንሽ ብቅ ያለ ነገር ሁሉ ጥላ ይጥላል። በቀትር ብርሃን ያው ገጽ ለጥ ያለ ይመስላል።
2. ትንሽ ቦታ ይምረጡና ይንበርከኩ። አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሚሆን መሬት ለአምስት ደቂቃ ሳይነሡ ይመልከቱ።
3. ሙሉ እንስሳ አይፈልጉ። የሚፈልጉት ድንጋዩ በራሱ የማይሠራውን ሥርዓት ነው፦ እኩል ርቀት ያላቸው ጎድጓዳ መስመሮች፣ ጥምዝ፣ አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ ከዙሪያው የተለየ አንጸባራቂ ገጽ።
4. የወደቀ ቅሪት ሲያገኙ ወደ ላይ ይመልከቱ። ከየትኛው ንብብር እንደወረደ ለማወቅ፣ የያዘውን ድንጋይ ቀለምና ሸካራነት በላይ ካሉት ንብብሮች ጋር ያነጻጽሩ።

ይህ አራተኛው ነጥብ ዋጋው ብዙ ነው፤ ምንጩን ንብብር ያወቀ ሰው፣ ያው ንብብር በሌላ ቦታ ብቅ ባለበት ሁሉ ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል።

ምንም ካላገኙ፦ መጀመሪያ ዐይንዎ መጠኑን መልመዱን ይጠራጠሩ። ትልቅ ነገር ሲፈልግ የዋለ ዐይን ጥፍር የሚያህሉትን የክሪኖይድ (ግንድ ያለው የባሕር እንስሳ) ቁርጥራጮች ያልፋል። አጉሊ መነጽሩን አውጥተው አንድ እጅ ጠጠር በእርጋታ ይዩ። በዚያም የዛጎል ስባሪ እንኳ ከጠፋ፣ ንብብሩን ይቀይሩ እንጂ በዚያው ላይ አይድከሙ፤ አንዱ ንብብር ባዶ ሆኖ ከእርሱ በላይ ያለው በቅሪት የተሞላ ሊሆን ይችላል።

6ኛ ደረጃ፦ ከማንሣትዎ በፊት ይመዝግቡ

ቦታው ያልታወቀ ቅሪተ አካል ለዕውቀት የሚኖረው ዋጋ እጅግ ይቀንሳል። በኋላ አስታውሰዋለሁ ብለው አይተማመኑ።

1. ቅሪቱን በተገኘበት እንዳለ፣ ማስመሪያውን ከጎኑ አድርገው ከላይና ከጎን ፎቶ ያንሡ። ቀጥሎ ከራቅ ብለው ዙሪያውን የሚያሳይ አንድ ፎቶ ይጨምሩ።
2. ቁጥር ይስጡት። ቁጥሩ በደብተሩ፣ በከረጢቱና ከውስጥ በሚገባው ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።
3. የጂፒኤስ መገኛውን፣ ቀኑን፣ የሰብሳቢውን ስም፣ የአለቱን ዓይነትና ንብብሩን ይጻፉ። በንብብሩ ውስጥ ነበር ወይስ ወድቆ ተገኘ የሚለውን ፈጽሞ አይተዉ።
4. አብረውት የተገኙትን ሌሎች ቅሪቶች በአንድ መስመር ይጥቀሱ።

7ኛ ደረጃ፦ አውጥተው ያሽጉ

ሼልና ስስ ንብብር ያለው የኖራ ድንጋይ በንብብሩ አቅጣጫ ይሰነጠቃል። ድንጋዩን በጎኑ ያቁሙትና መሮውን በንብብሩ መስመር ላይ አድርገው በቀስታ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተዘዋወሩ ይምቱ፤ ብዙ ቀላል ምት ከአንድ ኃይለኛ ምት ይሻላል። ክብ ወይም ሞላላ ጓል ከሆነ ደግሞ በሰፊው ወገቡ ዙሪያ ይምቱት፤ በውስጡ ቅሪት ካለ ደካማው መስመር አብዛኛውን ጊዜ በዚያ በኩል ነው።

ቅሪቱ ከትልቅ አለት ጋር ከተያያዘ ከጠርዙ አጠገብ አይምቱ። ቢያንስ የቅሪቱን ስፋት ያህል ርቀው ዙሪያውን ቦይ ያውጡ፤ ከዚያ ድንጋዩን እንዳለ አንሥተው ቀሪውን ሥራ በቤት ይጨርሱ።

ቢሰበር፦ አይደናገጡ፣ ምንም አይጣሉ። ስባሪዎቹ የነበሩበትን አቀማመጥ ፎቶ አንሥተው እያንዳንዱን ለየብቻ በለስላሳ ወረቀት ይጠቅልሉ፤ የተሰበረው ጠርዝ እርስ በርሱ ከተፋተገ ኋላ አይገጥምም። ሜዳ ላይ በፈጣን ማጣበቂያ አያጣብቁ። ድንጋዩ ለሁለት ሲከፈል ቅሪቱ በአንዱ፣ አሻራው በሌላው ከቀረ ሁለቱንም ይውሰዱ፤ አሻራው ቅሪቱ ራሱ የማያሳየውን የውጭ ገጽ ሊያሳይ ይችላል።

ትልቅ አጥንት ወይም የተያያዘ አጽም ካጋጠመዎ፦ ቁፋሮውን ያቁሙ። ፎቶና የጂፒኤስ መገኛ ይውሰዱ፣ የተጋለጠውን ክፍል በለቀቀ አፈር ይሸፍኑና በአቅራቢያ ላለ ሙዚየም ወይም የዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ክፍል ያሳውቁ። የአጽም አቀማመጥ ራሱ መረጃ ነው፤ አንዴ ከተነቀለ አይመለስም።

8ኛ ደረጃ፦ ያጽዱ

ሁልጊዜ ከደረቅ ይጀምሩ፦ ለስላሳ ብሩሽ፣ ቀጥሎ የእንጨት ስንጥር፣ በመጨረሻ በአጉሊ መነጽር ሥር መርፌ። መርፌውን ከቅሪቱ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ቅሪቱ አይግፉት።

ውኃ ከመጠቀምዎ በፊት ከዚያው አለት ትንሽ ቁራጭ ወስደው ብርጭቆ ውስጥ ይንከሩና አንድ ሰዓት ይጠብቁ። ቁራጩ ከተፈረፈረ ወይም ከተላጠ ቅሪቱን አያርጥቡ፤ ብዙ የሼል ዓይነቶች እንዲህ ናቸው። ወርቃማ ብረት የሚመስል ፓይራይት ያለበትንም ቅሪት ውኃ ውስጥ አያሳድሩ።

ከባሕር ዳርቻ የመጣ ቅሪት ግን ጨው ስለያዘ ተቃራኒውን ይፈልጋል። ውኃ የሚችል ከሆነ ጨው በሌለበት ንጹሕ ውኃ ይንከሩትና ውኃውን በየቀኑ እየቀየሩ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ትልቅ ከሆነ ከዚያ በላይ ያቆዩት፤ ከዚያ በጥላ ያድርቁት። ይህ ካልተደረገ ጨው ሲደርቅ እንደ ጥጥ ነጭ ሆኖ ይወጣና ገጹን ይልጠዋል። ነጩ ነገር ከደረቀ በኋላ ከታየ፣ ሳይፍቁት እንደገና ይንከሩት።

በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለን ዛጎል በኮምጣጤም ሆነ በሌላ አሲድ አያጽዱ። ድንጋዩም ዛጎሉም ካልሳይት በመሆናቸው አሲዱ ሁለቱንም እኩል ይበላል።

ለተሰበረ ወይም ለሚፈረፈር ቅሪት በአሴቶን የሚሟሟውን ፓራሎይድ ቢ-72 የተባለ ማጣበቂያ ይምረጡ፤ ቀጠን ብሎ ሲበጠበጥ ያጠነክራል፣ ወፈር ሲል ያጣብቃል፣ ስሕተት ቢፈጠርም በአሴቶን መልሶ ይለቃል። አሴቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል አየር በሚገባበት ቦታ፣ ከእሳት ርቀው ይሥሩ። አለት መሞረድ ካስፈለገ ደግሞ እያረጠቡና ለደቃቅ አቧራ የሚሆን የአፍንጫ መሸፈኛ አድርገው ይሥሩ፤ የሲሊካ አቧራ ሳንባን ይጎዳል።

9ኛ ደረጃ፦ ይለዩ

በምስል መጽሐፍ ገጽ እያገላበጡ የሚመስለውን መፈለግ ወደ ስሕተት ይመራል። ከዚያ ይልቅ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተራ ይጠይቁ።

*ቅሪተ አካል ነው ወይ?* በድንጋይ ስንጥቅ ላይ የፈርን ቅጠል የሚመስል ጥቁር ቅርንጫፍ ብዙ ጊዜ የማንጋኒዝ ማዕድን ነው፤ ስንጥቁን እየተከተለ ያድጋል፣ የቅጠል ደም ሥርም የለውም። ክብ ጓል ብቻውን እንቁላል አይደለም። በተቃራኒው በጣም ቀላልና ቀለሙን ያልለቀቀ ዛጎል ምናልባት ባለፈው ዓመት የሞተ እንስሳ ነው።

*ዛጎሉ ራሱ ነው ወይስ ቅርጹ?* ዛጎሉ ከሟሟ በኋላ በውስጡ የነበረው ጭቃ ብቻ ጠንክሮ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለው የውስጥ ቅርጽ የውጩን ጌጥ ስለማያሳይ፣ ከሥዕሉ ጋር አልገጥም ብሎ ጀማሪውን በእጅጉ ያሳስታል።

*ሁለት ክዳን ያለው ዛጎል ከሆነ* የሚዛን መስመሩን ይፈልጉ። አንዱን ክዳን ከመንቁሩ (ሁለቱ ክዳኖች በሚያያዙበት በኩል ካለው ሹል ጫፍ) ጀምሮ በሐሳብ ለሁለት ሲከፍሉት ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ፣ ሁለቱ ክዳኖች ግን እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ከሆነ ብራኪዮፖድ ነው፤ በብዙዎቹ መንቁር ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይታያል። ሁለቱ ክዳኖች የመስተዋት ምስል ሆነው፣ እያንዳንዱ ክዳን ግን ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ከሆነ ባይቫልቭ ነው። ኦይስተር የሚባሉት ባይቫልቮች ከዚህ ደንብ ይወጣሉ፤ አንዱ ክዳናቸው የጎደጎደ፣ ሌላው ጠፍጣፋ ነው።

*ጥምዝ ከሆነ* የውስጥ ግድግዳ አለው ወይ ብለው ይጠይቁ። አሞናይት በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ የተጠመዘዘና በግድግዳዎች ወደ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። ዛጎሉ በተላጠበት ቦታ ግድግዳው ከዛጎሉ ጋር የተገናኘበት መስመር በተወሳሰበ መታጠፍ ይታያል፤ አሞናይትን በሚመስሉት ኖቲሎይዶች ግን ያ መስመር ቀለል ያለ ቅስት ነው። ክፍሎቹን የሚያያይዘው ቱቦ በአብዛኞቹ አሞናይቶች በውጭው ጠርዝ፣ በኖቲሎይዶች ብዙ ጊዜ በመሐል ያልፋል። እንደ ማማ ወደ አንድ ወገን ከፍ እያለ የሚጠመዘዝና ክፍል የሌለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀንድ አውጣ ነው።

*አምስት ክፍል ያለው ሥርዓት ካለ* ኤኪኖይድ ወይም ክሪኖይድ ይጠርጥሩ። ኤኪኖይድ ክብ ወይም የልብ ቅርጽ ያለው ሲሆን በላዩ ከአናቱ የሚዘረጉ አምስት ጥንድ የቀዳዳ መስመሮች አሉት። የክሪኖይድ ግንድ ደግሞ መሐላቸው ቀዳዳ ያላቸው ጥቃቅን ክብ ወይም ኮከብ መሰል ቁርጥራጮች ሆኖ ይበተናል። የሁለቱም አካል አዲስ ሲሰበር እንደ መስተዋት ብልጭ የሚል ለጥ ያለ የካልሳይት ገጽ ያሳያል።

*የጥይት ቅርጽ ያለው ከሆነ* አግድም የተሰበረውን ገጽ ይዩ። ከመሐል ወደ ጠርዝ የሚፈነጥቁ ጭረቶች ካሉት ቤለምናይት (የጠፋ ስኩዊድ መሰል እንስሳ) ነው፤ በጁራሲክና ከእርሱ በሚቀጥለው በክሬታሺየስ ዘመን አለቶች የተለመደ ነው።

*ኮራል ከሆነ* ከመሐል የሚወጡትን ግድግዳዎች ይቁጠሩ። ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት የጠፉት ሩጎስ ኮራሎች በአራት ሥርዓት፣ ከትራያሲክ (ከጁራሲክ በፊት ካለው ዘመን) ወዲህ ያሉት በስድስት ሥርዓት ያድጋሉ። ገጹ ካረጀ ቆጠራው አስቸጋሪ ስለሆነ የአለቱን ዕድሜ ያስቀድሙ።

*ሦስት ቁመታዊ ክፍል ካለው* ትሪሎባይት ነው። ቅርፊቱን እየጣለ ያድግ ስለነበር ራሱና ጅራቱ ለየብቻ ይገኛሉ፤ ሙሉ አካል ካልተገኘ አልተሳካም አይበሉ። ከገበያ የተገዛ ትሪሎባይት ከሆነ ግን በአጉሊ መነጽር የአየር አረፋ ጉድጓድ ይፈልጉ፤ ከሬዚን (ሙጫ መሰል ፕላስቲክ) የተቀረጹ ብዙ ናቸው።

*የሻርክ ጥርስ* አክሊሉ አንጸባራቂ፣ ሥሩ ደብዛዛና ባለ ቀዳዳ ነው። ጥቁር መሆኑ አሮጌነቱን አያረጋግጥም፤ ቀለሙ የሚመጣው ከተቀበረበት ደለል ማዕድን ነው።

በመጨረሻ ውጤቱን ከአለቱ ዕድሜ ጋር ያስታርቁ። ካልተስማሙ፣ ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ በእርስዎ መለያ ላይ ነው። የዝርያ ስም ለመስጠት አይቸኩሉ፤ «አሞናይት፣ ጁራሲክ» የሚል እርግጠኛ መለያ በግምት ከተሰጠ ረጅም ስም ይሻላል።

10ኛ ደረጃ፦ ያስቀምጡና ይከታተሉ

በማይታይ ጎኑ ላይ ትንሽ የፓራሎይድ ሽፋን ቀብተው ሲደርቅ የመዝገቡን ቁጥር በላዩ ይጻፉ። የቦታና የቀን መረጃውን የያዘ ካርድ ከቅሪቱ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ያኑሩ፤ መለያውን ቢያርሙ አሮጌውን ካርድ አይጣሉ፣ አዲሱን ይጨምሩበት። ዛጎሎችን በኦክ እንጨት መሳቢያ ውስጥ አያስቀምጡ፤ ከእንጨቱ የሚወጣው አሲዳማ ትነት ካልሳይቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ፓይራይት ያለባቸውን ለብቻቸው፣ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር በሚዘጋ ዕቃ ያኑሩ። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ሲያልፍ ብልሽቱ ስለሚፋጠን ከ50 በታች እንዲሆን ይጣሩ። በየጥቂት ወሩ ይክፈቱና ይዩ፤ ነጭ ወይም ቢጫ ዱቄት ከታየ፣ ወይም የድኝ ሽታ ከመጣ፣ ያን ቅሪት ወዲያውኑ ከሌሎቹ ይለዩ፣ ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ ያንሡ፣ ፎቶውን አንሥተው በመዝገቡ ላይ ቀኑን ያስፍሩ፣ ሲሊካ ጄሉንም ይቀይሩ።